ቡናማው ቀለም የት ላይ ወጣ? በታይሮይድ ካንሰር ሪፖርት ላይ ያሉ የፕሮቲን ስሞች ሲነበቡ

የታይሮይድ ዕጢው በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው በሚቀበለው የፓቶሎጂ ወረቀት ግርጌ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ መስመር ይገኛል፦ «ቲቲኤፍ-1 ፖዘቲቭ፣ ፓክስ-8 ፖዘቲቭ፣ ታይሮግሎቡሊን ፖዘቲቭ፣ ካልሲቶኒን ኔጋቲቭ፣ ኬአይ-67 2 በመቶ።» «ፖዘቲቭ» የሚለውን ቃል ከኤችአይቪ ወይም ከኮቪድ ምርመራ የለመደ ሰው ሦስት ጊዜ ካንሰር አለብህ የተባለ ይመስለዋል። እዚህ ግን ፖዘቲቭ ማለት ያ ፕሮቲን ሴሉ ውስጥ ተገኘ ማለት ብቻ ነው። ጤነኛ ታይሮይድም ቢመረመር በሦስቱም ፖዘቲቭ ይወጣል።

ታዲያ ለምን ይመረመራል? እያንዳንዱ ፕሮቲን የሚመልሰው የራሱ ጥያቄ ስላለው ነው። አንዱ ሴሉ ከየት እንደመጣ ይናገራል፤ ሌላው ጠባዩን፤ ሌላው ደግሞ የትኛው መድኃኒት ሊሠራበት እንደሚችል። የአንዱን መልስ ለሌላው ጥያቄ የወሰደ ሰው ይሳሳታል፤ ይህ ስህተት በሕሙማን ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን በባለሙያም ላይ ይደርሳል።

ታይሮይድ ውስጥ ሁለት ዋና ዋና ዓይነት ሴሎች አሉ። ፎሊክል የሚባሉትን ትንንሽ ከረጢቶች ዙሪያቸውን የሚከቡት ሴሎች ከደም አዮዲን እየቀዱ ታይሮግሎቡሊን በተባለው ትልቅ ፕሮቲን ላይ እየለጠፉ ሆርሞን ያዘጋጃሉ። በመካከላቸው ተበትነው የሚገኙት ሲ ሴሎች ደግሞ ካልሲቶኒን ያመርታሉ፤ ከአዮዲን ጋር ምንም ጉዳይ የላቸውም። ከመጀመሪያዎቹ ፓፒላሪ፣ ፎሊኩላር፣ ኦንኮሲቲክ እና አናፕላስቲክ የሚባሉት ካንሰሮች ይነሣሉ፤ ፓፒላሪ ብቻውን ከጠቅላላው 80 በመቶ ገደማ ይይዛል። ከሲ ሴሎች የሚነሣው ሜዱላሪ ይባላል፤ ከአራት ሕሙማን በአንዱ ላይ በዘር የሚተላለፍ ነው። የአዮዲን እጥረት ባለበት አገር ግን ከፓፒላሪ አንጻር የፎሊኩላሩ ድርሻ ከፍ ይላል።

ምርመራው ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ ይባላል፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ባጭሩ አይኤችሲ ይሉታል። ፎርማሊን ውስጥ የቆየው ሥጋ በፓራፊን ሰም ተነክሮ ብሎክ ይሆናል። ከብሎኩ ከ3 እስከ 4 ማይክሮን የሚሆን ስስ ሽፋን ተልጦ ስላይድ ላይ ይለጠፋል። ሰሙ በዛይሊን ይወገዳል፤ ናሙናው በአልኮል ደረጃ በደረጃ አልፎ ወደ ውኃ ይመለሳል። ፎርማሊን ፕሮቲኖችን እርስ በርስ ስለሚቆላልፋቸው፣ እነሱን ለመፍታት ስላይዱ ፒኤች 6 በሆነ ሲትሬት ወይም ፒኤች 9 በሆነ ትሪስ-ኢዲቲኤ ውስጥ ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ይቀቀላል። ከዚያ የሚፈለገውን ፕሮቲን ብቻ ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ይደረግበትና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያል፤ በእሱ ላይ ኤንዛይም የተሸከመ ሁለተኛ አንቲቦዲ ይያያዛል። መጨረሻ ላይ ዳብ የሚባለው ኬሚካል ሲጨመር ኤንዛይሙ ባለበት ሁሉ ቡናማ ቀለም ይወጣል፤ የቀረውን ሂማቶክሲሊን ሰማያዊ ያደርገዋል። ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ የሚፈልገው ቡናማው መኖሩን ብቻ አይደለም። የት ላይ ነው? ኒውክሊየስ ውስጥ? በሴሉ ሽፋን ላይ? ወይስ በመካከሉ፣ ሳይቶፕላዝሙ ውስጥ? ቲቲኤፍ-1 እና ፓክስ-8 ኒውክሊየስ ውስጥ ካልሆኑ ፖዘቲቭ አይባሉም፤ ሳይቶፕላዝም ላይ ብቻ የፈሰሰ ቡናማ ዋጋ የለውም።

ስህተቱ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው አንቲቦዲው ከመነካቱ በፊት፣ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ውስጥ ነው። ፎርማሊን ሥጋ ውስጥ የሚዘልቀው በሰዓት 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ሙሉ የታይሮይድ ክንፍ ሳይከፈት በትንሽ ዕቃ ተጨናንቆ ከተቀመጠ ውጪው ጠንክሮ መሃሉ ይበሰብሳል፤ ያ መሃል በኋላ «ኔጋቲቭ» ተብሎ የሚነበበው ፕሮቲኑ ስላልነበረ ሳይሆን ስለጠፋ ነው። ፎርማሊኑ ከሥጋው ቢያንስ 10 እጥፍ መሆን አለበት። ናሙናው በወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ይግባ፣ ላቦራቶሪ እንደደረሰም ወደ 5 ሚሊሜትር ተከትፎ ከ6 እስከ 72 ሰዓት ይቆይ። ፎርማሊኑ ራሱ አሲድነቱ የተስተካከለ፣ ኒውትራል በፈርድ የሚባለው 10 በመቶ መሆን አለበት። ያልተስተካከለው አሲዳማ ፎርማሊን ከደም ጋር ተገናኝቶ ጥቁር ቡናማ ቅንጣት ይፈጥራል፤ ታይሮይድ ደግሞ ደም የበዛበት ዕጢ ነው። ያ ቅንጣት ከዳብ ቀለም ጋር ሲምታታ፣ ላቦራቶሪው ለንጽጽር አንቲቦዲ ያልነካው ስላይድ ካላሠራ፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው የሚሆነው።

ሌሎችም ወጥመዶች አሉ። ኦንኮሲቲክ ሴሎች በማይቶኮንድሪያ የተሞሉ ስለሆኑ የራሳቸው ባዮቲን አላቸው፤ አቪዲን-ባዮቲን በሚባለው የድሮ ዘዴ ሲሠራ ያለ አንዳች አንቲቦዲ ቡናማ ይሆናሉ። በፖሊመር ዘዴ መሥራት ይህን ያስቀራል። ወደ አጥንት የተሠራጨ ካንሰር ሲሆን ደግሞ አጥንቱን ለማለስለስ ጠንካራ አሲድ ከተጠቀሙ ፕሮቲኑም ዲኤንኤውም ይጎዳል፤ በኢዲቲኤ ቀስ ብሎ ማለስለስ ቀናት ቢፈጅም ናሙናውን ያድናል። ታይሮግሎቡሊን ደግሞ «ይፈሳል»፦ ከተጎዳ ፎሊክል ወጥቶ አጠገቡ ያለውን ባዕድ ሴል ስለሚያርሰው፣ ከኩላሊት የመጣ ካንሰር እንኳ ታይሮይድ ውስጥ ሲቀመጥ ጠርዙ ላይ ፖዘቲቭ ሊመስል ይችላል። ጠርዙን ትቶ መሃሉን ማየት ይህን ይለየዋል።

ሴሉ ከየት እንደመጣ ለማወቅ አንድ ፕሮቲን ብቻውን አይበቃም፤ ጥንድ ጥንድ እያደረጉ ማሰብ ነው። አንገት ላይ ያለ የሊምፍ ዕጢ ውስጥ ካንሰር ተገኘ እንበል። ቲቲኤፍ-1 በታይሮይድም በሳንባ ካንሰርም ይወጣል። ፓክስ-8 በታይሮይድም በኩላሊትም በእንቁላል ዕጢም ካንሰር ላይ ይወጣል። ሁለቱም አንድ ላይ ኒውክሊየስ ውስጥ ከወጡ ታይሮይድ የመሆኑ ነገር በጣም ይጠነክራል፤ ታይሮግሎቡሊን ከታከለበት ክርክሩ ያበቃል። ቲቲኤፍ-1 ብቻ ሲሆን ሳንባን፣ ፓክስ-8 ብቻ ሲሆን ኩላሊትን መጠርጠር ነው። ካልሲቶኒን እና ሲኢኤ የሚባለው ሌላ ፕሮቲን ፖዘቲቭ ሆነው ታይሮግሎቡሊን ኔጋቲቭ ከሆነ ሜዱላሪ ነው። ሜዱላሪ ቲቲኤፍ-1 ሊኖረው እንደሚችል መርሳት የተለመደ ጥፋት ነው። ታይሮይድ ውስጥ የተደበቀ ፓራታይሮይድ (የታይሮይድ ጎረቤት የሆነ ትንሽ ዕጢ) በመርፌ ሲወሰድ ፎሊኩላር እብጠት ይመስላል፤ ቲቲኤፍ-1 ኔጋቲቭ፣ የፓራታይሮይድ ሆርሞን እና ጋታ-3 ፖዘቲቭ ሲሆኑ ነገሩ ይገለጣል።

«ካንሰር ነው ወይስ አይደለም?» ለሚለው ጥያቄ ግን ፕሮቲኖቹ ደካማ ምስክሮች ናቸው። ለዚህ የሚጠየቁት ሦስቱ ጋለክቲን-3፣ ኤችቢኤምኢ-1 እና ሲኬ-19 ናቸው። በፓፒላሪ ካንሰር ሦስቱም በብዛት በጉልህ ይወጣሉ፤ ቢያንስ ሁለቱ አብረው በሰፊው ሲወጡ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ችግሩ ሃሺሞቶ በሚባለው የታይሮይድ ብግነት ውስጥ ሲኬ-19 እና ጋለክቲን-3 እዚህም እዚያም ብቅ ማለታቸው ነው፤ ከዚህ ቀደም በመርፌ የተወጋ ቦታም እንዲሁ ያሳያል። ኤችቢኤምኢ-1 በአንዳንድ ጉዳት በሌላቸው የፎሊኩላር እብጠቶች ላይም ይታያል። የፎሊኩላር ካንሰር ፍቺው ራሱ ሴሉ እብጠቱን ዙሪያውን የሸፈነውን ከረጢት (ካፕሱል) ወይም የደም ሥርን ሰብሮ መውጣቱ ነው፤ መስበሩን የሚያሳይ ፕሮቲን የለም። የሚያሳየው ከረጢቱን ዙሪያውን ቀጥ አድርጎ ቆርጦ ማየት ነው። ስለዚህ በቀጭን መርፌ የተወሰደ ናሙና ላይ፣ የቱንም ያህል አንቲቦዲ ቢደረግበት፣ ፎሊኩላር አዴኖማ (ካንሰር ያልሆነው እብጠት) እና ፎሊኩላር ካንሰር አይለዩም። ፓፒላሪ ውስጥም ቢሆን ስም እየተለወጠ ነው፦ ከረጢቱን ያልሰበረ የፎሊኩላር ቅርጽ ያለው ዓይነት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 «ካንሰር» የሚለው ስም ተነሥቶለት ኒፍትፕ ተብሏል፤ ኤችቢኤምኢ-1 ፖዘቲቭ ቢሆንም።

የቀለሙ ቦታ ምን ያህል እንደሚወስን የሚያሳዩ ሁለት ምሳሌዎች አሉ። ቤታ-ካቴኒን በጤነኛ ሴል ሽፋን ላይ ይሰለፋል። ክሪብሪፎርም-ሞሩላር በሚባለው ብርቅ የታይሮይድ ካንሰር ግን ወደ ኒውክሊየስ ገብቶ ይገኛል። ካንሰሩ ከሞላ ጎደል የወጣት ሴቶች ነው፤ በብዙዎቹ ላይ ደግሞ አንጀትን በፖሊፕ ከሚሞላው የኤፒሲ ጂን ችግር ጋር ይያያዛል። አንገት ላይ የተወሰደ ስላይድ ውስጥ ቡናማው ከሽፋን ወደ ኒውክሊየስ ስለዘለለ ብቻ ያቺ ወጣት ለትልቁ አንጀት ኮሎኖስኮፒ ትላካለች፤ ቤተሰቧም ይጠየቃል።

ሁለተኛው ይበልጥ ያስገርማል። ሃያላይናይዚንግ ትራቤኩላር ቱመር የሚባል እብጠት አለ፤ ጉዳት የማያደርስ ሆኖ ሳለ በመርፌ ናሙና ላይ ኒውክሊየሱ የፓፒላሪ ካንሰርን ኒውክሊየስ በጣም ስለሚመስል ብዙ ታይሮይድ አለአግባብ አስወጥቷል። ኬአይ-67 የሴል መከፋፈልን የሚለካ፣ ቦታውም ኒውክሊየስ ብቻ የሆነ ፕሮቲን ነው። ኤምአይቢ-1 የሚባለው የኬአይ-67 አንቲቦዲ ግን በዚህ እብጠት ላይ የሴሉን ሽፋን ዙሪያውን በቡናማ ክር ይከበዋል፤ ለዚያውም ምርመራው በክፍል ሙቀት ሲሠራ ነው። ማሽኑ በ37 ዲግሪ ከሠራው ክሩ አይታይም። አንድ የላቦራቶሪ ማሽን የሙቀት መጠን የአንድን ሰው ዕጢ ሊያስወጣ ወይም ሊያስቀር ይችላል ማለት ነው። አሁን ግሊስ-3 የሚባለውን ፕሮቲን መመርመር ይቻላል፤ እሱ ሙቀት አይመርጥም።

ብራፍ ቪ600ኢ የሚለውን ስም ብዙ ሰው ሰምቶታል። ብራፍ ጂን ውስጥ በ1799ኛው ቦታ ቲ የነበረው ኤ ሲሆን፣ ፕሮቲኑ 600ኛው ቦታ ላይ ቫሊን በግሉታሜት ይተካል፤ ሴሉ «ተከፋፈል» የሚለው ትእዛዝ ሳይቋረጥ ይደርሰዋል። በፓፒላሪ ካንሰር ግማሽ ያህሉ ላይ ይገኛል። ቪኢ1 የሚባለው አንቲቦዲ የተለወጠውን ፕሮቲን ብቻ ስለሚይዝ ዲኤንኤ ሳይነበብ በስላይድ ላይ ማወቅ ይቻላል። ሳይቶፕላዝሙ በሙሉ አንድ ዓይነት፣ ጥራጥሬ የሚመስል ቡናማ ሲሆን ነው ፖዘቲቭ የሚባለው። በፎሊክሉ ውስጥ ያለው ኮሎይድ የሚባል ዝልግልግ ነገር ቢቀልም አይቆጠርም፤ የሞተ ሥጋ ዙሪያ ያለ ደካማ ቀለምም እንዲሁ። ደካማ ወይም ዝብርቅርቅ ሲሆን በፒሲአር ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቪኢ1 ኔጋቲቭ ማለት «ሚውቴሽን የለም» ማለት አይደለም፤ ኬ601ኢ የሚባለውን ሌላ የብራፍ ለውጥ አያይም፤ ቴርት በሚባለው ሌላ ጂን ማብሪያ (ፕሮሞተር) ላይ ያለ ለውጥንማ ከነአካቴው። ለቴርት አስተማማኝ አንቲቦዲ የለም፤ ዲኤንኤ ማንበብ ብቻ ነው።

ብራፍን መመርመር የሚያጣድፈው በአናፕላስቲክ ካንሰር ላይ ነው። ይህ ካንሰር ሲጀምር ጀምሮ ደረጃ 4 ተብሎ ይመደባል፤ የታማሚው ቀሪ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው በወራት ነው። ሴሉ ታይሮይድ መሆኑን እስኪረሳ ድረስ ስለተለወጠ ታይሮግሎቡሊን እና ቲቲኤፍ-1 ብዙውን ጊዜ ጠፍተው ይገኛሉ፤ ፓክስ-8 ግን ከእነሱ በላይ ይጸናል፤ ለዚህ ነው መጀመሪያ የሚጠየቀው። ፒ53 የሚባለው፣ የሴልን መከፋፈል የሚገታ ፕሮቲን እዚህ ሁለት መልክ አለው። ወይ ኒውክሊየስ ሁሉ ድፍን ቡናማ ይሆናል፣ ወይ አንድም ኒውክሊየስ አይቀልምም። ሁለቱም ሚውቴሽን ነው የሚያመለክቱት፤ እዚህም እዚያም ደብዘዝ ብሎ መውጣት ነው ጤነኛው። «ፒ53 ኔጋቲቭ» የሚል ጽሑፍ አይቶ የተደሰተ ሰው ስለዚህ መልሶ ይጠይቅ፦ ፍጹም ባዶ ነው ወይስ ዝቅተኛ? ብራፍ ቪ600ኢ ካለ ዳብራፌኒብ እና ትራሜቲኒብ አንድ ላይ ይሰጣሉ፤ አሜሪካ ይህን ጥምረት ለአናፕላስቲክ ካንሰር ያጸደቀችው በግንቦት 2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ዲኤንኤ ማንበብ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል፣ ቪኢ1 በአንድ ሁለት ቀን መልስ መስጠቱ እዚህ ላይ ነው ዋጋው።

አዮዲንን ወደ ሴሉ የሚያስገባው በር ኤንአይኤስ የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ሁለት ሶዲየም ይዞ አንድ አዮዳይድ ያስገባል። ቀዶ ሕክምና ከተደረገ በኋላ የሚሰጠው ጨረር አመንጪው አዮዲን-131 የሚሠራው ይህ በር እስካለ ድረስ ብቻ ነው። እዚህ ላይ የሚገርመው፣ አዮዲን መሳብ ባቆሙ ብዙ ካንሰሮች ውስጥ ኤንአይኤስ ጠፍቶ ሳይሆን ሽፋኑ ላይ ሳይደርስ ሳይቶፕላዝም ውስጥ ተቀርቅሮ መገኘቱ ነው። ስላይዱ ቡናማ ነው፤ በሩ ግን ግድግዳው ላይ አልተገጠመም። ብራፍ ቪ600ኢም ኤንአይኤስን ያፍናል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 በወጣ ጥናት ያንኑ የ«ተከፋፈል» ትእዛዝ መስመር የሚዘጋ ሴሉሜቲኒብ የሚባል መድኃኒት አዮዲን አልስብ ላላቸው 20 ሕሙማን ተሰጥቶ በ12ቱ መሳቡ ሲጨምር፣ ለ8ቱ አዮዲን-131 ለመስጠት የሚበቃ ሆኖ ተገኝቷል።

በሩ ቢኖርም ተራ አዮዲን ቀድሞ ሞልቶት ከሆነ መድኃኒቱ አይገባም። ለዚህ ነው ከሕክምናው በፊት ለአንድ ወይም ሁለት ሳምንት አዮዲን የሚቀነሰው። ገበታ ላይ ያለውን ጨው መተው ብቻውን አይበቃም፤ የተዘጋጀው በርበሬና ሽሮ አብሮ የተፈጨ አዮዲን ያለው ጨው ይኖርበታል። አዮዲን ከሌለው ጨው ጋር ለብቻ ማዘጋጀት ይሻላል። በአዮዲን ማጉያ የተነሣ ሲቲ ስካን ካለ ደግሞ ከ4 እስከ 8 ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ስለ ሲቲው ሳይነገር ቀርቶ ሕክምናው ከንቱ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

እስካሁን ስላይድ ላይ ነበርን፤ ሁለቱ ፕሮቲኖች ግን ደም ውስጥም ይለካሉ። ታይሮግሎቡሊን ዕጢው ሳይወጣ መለካቱ ካንሰርን አያመለክትም፤ ጤነኛውም ያመርተዋል። ዕጢው ሙሉ በሙሉ ከወጣ ከ6 እስከ 12 ሳምንት በኋላ ነው ትርጉም የሚኖረው። ከአራት ወይም ከአምስት ሕሙማን በአንዱ ደም ውስጥ ታይሮግሎቡሊንን የሚቃወም አንቲቦዲ ስላለ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ያታልላል፤ ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ይታዘዙ። ለጸጉርና ለጥፍር የሚወሰደው የባዮቲን ክኒንም በብዙ ማሽኖች ላይ ታይሮግሎቡሊንንም ቲኤስኤችንም (ታይሮይድን የሚያነቃቃውን ሆርሞን) በሐሰት ያወርዳል፤ ደም ከመሰጠቱ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ማቆም ነው።

ለሜዱላሪ የሚለካው ካልሲቶኒን ነው። ቶሎ የሚበላሽ ፕሮቲን ስለሆነ ደሙ በበረዶ ተይዞ ፈጥኖ መለየት አለበት፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ናሙና ዝቅ ያለ ቁጥር ያወጣል። ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ወይም ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ደግሞ ያለ ካንሰር ከፍ ይላል። ከአንዱ ቁጥር ይልቅ የሚያስፈልገው ካልሲቶኒን እጥፍ ለመሆን የወሰደው ጊዜ ነው፤ ከ6 ወር በታች ከሆነ ያሳስባል፣ ከ2 ዓመት በላይ ከሆነ ያረጋጋል። በስላይዱ ላይ ደግሞ ኬአይ-67 5 በመቶና ከዚያ በላይ፣ ወይም በ2 ካሬ ሚሊሜትር ውስጥ 5ና ከዚያ በላይ ተከፋፋይ ሴሎች፣ ወይም የሞተ ሥጋ ከታየ ሜዱላሪው «ከፍተኛ ግሬድ» ይባላል። በፓፒላሪ ወረቀት ላይ ኬአይ-67 ብዙውን ጊዜ ከ5 በመቶ በታች ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ያነሣነው 2 በመቶ የሚያስደነግጥ ቁጥር አይደለም።

ናሙናውን ለሁለተኛ አስተያየት ወደ ሌላ ከተማ ወይም ውጭ አገር የሚልክ ቤተሰብ ከላቦራቶሪው የሚጠይቀው ወረቀቱን ብቻ መሆን የለበትም። ብሎኩን ይጠይቅ፤ ካልተሰጠ ከብሎኩ አዲስ የተላጡ 10 ያህል ቀለም ያልነካቸው ስላይዶችን፣ ከዋናው ቀለም ከተነካው ስላይድ ጋር። ሰም ውስጥ ያለ ፕሮቲን ለዓመታት ይቆያል፤ ተልጦ ስላይድ ላይ የተቀመጠው ግን በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ስለሚሄድ ቀድሞ አስላጥቶ ማስቀመጥ አይጠቅምም። ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ስንት ሰዓት እንደቆየና አጥንት ከሆነ በምን እንደለሰለሰ በጽሑፍ ይያያዝ። ሰሙ ከ56 እስከ 60 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ ብሎኩ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተው፤ በጠፍጣፋ ካርቶን፣ በጥጥ ተጠቅልሎ፣ በእጅ ሻንጣ ይያዝ።